አቶ ፍረዝጊ ለራሳቸው የከለከሉት ምሕረት

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት፣ የኅዳር ዝናብ ናይሮቢን ባጥለቀለቀበት አንድ አመሻሽ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ሰፈሬ ኪሌሌሽዋ በምትሄድ፣ ማታቱ በሚሏት ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ጎረቤቴን አቶ ፍረዝጊን እዚያው አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው፤ በአየር መንገድ ቢሮ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣለም ካረፉ ወዲህ ግን ሰው የሚሸሹ፣ እንቅልፍ የራቃቸው፣ አንድያ ልጃቸውን ሂያብን እንኳ በቁጣ ካልሆነ የማያነጋግሩ ሰው ሆነዋል። ልጅቷ መሮአት፣ ላቪንግተን ወደሚባል ሰፈር ሄዳ ከጓደኛዋ ጋር ልትኖር ዕቃዋን መሰብሰብ ጀምራለች።

መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ አማርኛችንን የሰማች አንዲት ወጣት ከኋላ ወንበር ሰላም አለችን። ሐሊና ትባላለች። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ፣ መከራ ያዩ ስደተኞችን እያነጋገረች የምታጽናና ባለሙያ ናት። ሥራዋን ስትነግረን የአቶ ፍረዝጊ ፊት ተለወጠ።

«ማነው የላከሽ?» አሏት።

«ማንም አልላከኝም፣ አባባ። ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው።»

«ልጄ ናት የላከችሽ። አባቴ አብዷልና አነጋግሪልኝ ብላሻለች።»

ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ደወሉ። «ሐሊና የምትባል ሴት ታውቂያለሽ?» ብለው ጮኹ። ሂያብ አላውቅም ሳትላቸው አልቀረችም፤ ስልኩን ዘጉት፣ ጥርጣሬያቸው ግን አልለቀቃቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሐሊናን በጎን አያት ነበር፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሆን ተብሎ የተቀነባበረ ይመስላል።

«እስቲ ንገሪኝ» አሏት አቶ ፍረዝጊ፤ «እነዚያን ሰዎች ምን ትያቸዋለሽ?»

«አብዛኛውን ጊዜ አዳምጣለሁ። ከዚያም ለሌላ ሰው የሚያሳዩትን ርኅራኄ ለራሳቸው እንዳይነፍጉ እለምናቸዋለሁ።»

«ራስን ማባበል በይው! ጥፋተኛ ሁሉ ለራሱ ከራራ ማን ይጠየቃል?»

«ጥፋትን ማመንና ራስን ዕድሜ ልክ መግረፍ ይለያያሉ፣ አባባ። ጥፋቱን ያመነ ሰው ያርማል። ራሱን የሚገርፍ ሰው ግን ጅራፉ አጠገቡ ያሉትንም ያገኛቸዋል።»

አቶ ፍረዝጊ ወደ እኔ ዞሩ። «ይገዙ፣ አንተ ነህ የነገርካት?»

ምንም እንዳልነገርኳት ማልኩ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው፣ ለእኔም እንኳ ተናግረውት የማያውቁትን በንዴት አወጡት።

«ኣለም ያን ጠዋት ደረቴን ወጋኝ አለችኝ። ብርድ ነው፣ ሻይ ጠጪበትና ተኚ ብያት ወጣሁ። ቀትር ላይ ስመለስ ሞታ አገኘኋት። አሁን ለራሴ ልራራ? እኔ ራሴን ይቅር ካልኩ እሷን ማን ያስታውሳታል?»

«በጣም ይወዷቸው ነበር» አለች ሐሊና። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ጠዋት ቤት የነበረችው ልጅዎ ብትሆን፣ ያንኑ ቃል እሷ ተናግራው ቢሆን ምን ይሏት ነበር?»

«ልጄን አታንሺ!» ብለው ተነሡ። በሩን አስከፍተው፣ በዚያ ዝናብ ከመኪናው ወረዱ።

«አበዛሁት መሰለኝ» አለች ሐሊና። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ግን አቶ ፍረዝጊ ቤቴን አንኳኩ። ገብተው ሳይቀመጡ የሆነውን ነገሩኝ።

ያን ማታ በስብሰው ቤት ሲገቡ ሂያብ ፎጣ ይዛላቸው መጣች። እሳቸው ግን ፎጣውን ሳይቀበሉ፣ «እናትሽን የገደልኳት እኔ እንደሆንኩ ነው የምታስቢው፣ አይደል?» ብለው አፈጠጡባት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ እኮ ነኝ፣ አባዬ። ያን ጠዋት ማሚ ደውላልኝ ነበር። ክላስ ውስጥ ስለነበርኩ ኋላ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁባት። ሶሪ፣ አባዬ። አንተ የምትቆጣኝ ይህን ስላወቅክ ይመስለኝ ነበር።»

አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እያንዳንዳቸው ሌላው ፈርዶብኛል ብለው ሲጠራጠሩ ኖረዋል!

«ያን ጊዜ ሳላስበው ተናገርኩ» አሉኝ አቶ ፍረዝጊ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ በምን ታውቂ ነበር? ብታውቂ ኖሮ እየበረርሽ አትመጪም ነበር? አልኳት። አቅፌያት ይህንኑ ደጋገምኩላት። ኋላ የገዛ ድምፄን ሰማሁት፣ ይገዙ። እኔስ በምን አውቅ ነበር?»

ራሱን ለሚኮንን ሰው ቤት ሁሉ ችሎት ይሆንበታል፤ የሚስቁለት የሚያፌዙበት፣ ዝም የሚሉት የሚፈርዱበት ይመስለዋል። ለራሱ ሲራራ ግን ሌላውንም በቅን ዓይን ማየት ይችላል። ሂያብ ዕቃዋን መልሳ ዘረጋች። አቶ ፍረዝጊ ሐሊናን ቢሮዋ ድረስ ፈልገው ይቅርታ ጠየቋት፤ ከዚያም እየተመላለሱ ያነጋግሯት ጀመር። እንቅልፋቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጨለማ የሚሆንባቸው ጠዋት ዛሬም አለ፤ ቁጣቸው ሲመጣ ግን አሁን ያውቁታል፣ ልጃቸው ላይ ሳይደርስ ይመልሱታል። ሐዘን ከደረሰበት ሰው ቤት ቀድመው የሚገኙትም እሳቸው ናቸው።

የወይዘሮ ኣለም ሙት ዓመት ሲታሰብ አቶ ፍረዝጊ በሰው ፊት ቆመው ስለ ባለቤታቸው ተናገሩ፤ መንገድ ላይ ማንንም አስቁማ እንደምታወራ፣ ዘፈን ስትዘፍን ግጥሙን ሁልጊዜ እንደምታበላሸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሂያብም ሳቀች። ሲቀመጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይገርምሃል» አሉኝ፤ «እስከ ዛሬ ሳስታውስ የኖርኩት ሞቷን እንጂ እሷን አልነበረም።»