የዱቤ ቀሚስ

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ከጀርሚስተን በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከኋላዬ አንድ ካትሌሆንግ ሰፈር ሱቅ ያላቸው አዛውንትና አንዲት ያገራችን ልጅ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ባንኩ የቤት መግዣውን ብድር ሰጠዎት?»

«‹የሰዉን ብድር አከፋፈል የሚመዘግቡት ዘንድ ስምዎ የለም፤ የታማኝነት ነጥብም የለዎትም› ብሎ መለሰኝ።»

«አሥር ዓመት ነግደው?»

«ሁሉን በካሽ ገዛሁ። ዱቤ ነውር ነው ብዬ።»

«እዚህ አገር ነውሩ አለመበደር ነው። ልብስ ቤት የዱቤ አካውንት ይክፈቱና በየወሩ ይክፈሉ፤ ያኔ ያምኑዎታል።»

«አባቴ በዱቤ ከመልበስ ራቁቱን ቢሄድ ይመርጥ ነበር።»

«ሰፈሩ ሁሉ ከእርስዎ በዱቤ ይወስድ የለ እንዴ?»

«እኔማ ዓይናቸውን አይቼ ነው የምሰጠው።»

«ታዲያ የእርስዎን ዓይን ማን አየልዎት?»

የአዛውንቱ ድምፅ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ለሰለሰ።

«ቤቱን በሕልሜ አየሁት። ግቢው ያለው ሎሚ አብቧል። ሚስቴ ካገር መጥታ፣ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።»

«ከፈቱላት?»

«ቁልፉን አጣሁት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ አበባውን ታሸታለች።»

«ውይ፣ ጋሼ!»

«ልብስ ቤቱ የት ጋ ነው?»

«ምን ሊገዙ?»

«ቀሚስ። ለእሷ።»

መውረጃዬን አልፌዋለሁ፤ በልቤ ግን ቀሚሱ እንደ ሎሚ ቢጫ ይሁን፣ ቢጫ ይሁን እላለሁ።