ያልተለካው ሰፊ ቤት

ጋሽ መርፌ ሱቃቸውን በሥራ ቀን፣ ያውም ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሲቆልፉ ያየሁት ያን ማክሰኞ ብቻ ነው። እንዲያሳጥሩልኝ የሰጠኋቸውን ሱሪ ልወስድ እየሄድኩ ነበር። እሳቸው ግን ለሌላ ሰው ሲሰፉ የኖሩትን ዓይነት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ ፈገግታው ከፊቱ ከማይጠፋ ደላላ ጋር በሩ ላይ ቆመዋል። “ሱሪህ ነገ ይደርሳል፤ ዛሬ አንተ ድረስልኝ” አሉና ክንዴን ያዙ። ቤት ሊገዙ ነው። ለቀብዱ ውል ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ አንዷ የእህታቸው ልጅ ናት፣ ሁለተኛው እግር የጣለው እኔ ሆንኩ።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። መርፌ የተባሉት በቅጥነታቸው ነው ይባላል፤ ምላሳቸውን የቀመሰ ግን ሌላ ምክንያት ያውቃል። ሱቁ የመንገድ ማዕዘን ላይ ነው፤ ሦስት የስፌት መኪናና ሁለት ሠራተኞች አሉት። ከበስተኋላው፣ ወጥ ቤትና ጓዳ በተቀጠሉባት አንዲት ክፍል ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ልጆቻቸውን እዚያው አሳድገው ድረዋል።

በመንገድ ላይ ነገሩን አጫወቱኝ። ታናሽ ወንድማቸው ባለ ፎቅ ቤት ከሠራ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ “የእኔ ወንድም እስከ ዛሬ ከመኪናው ጋር ነው የሚያድረው” እያለ ያስቅባቸዋል። ቀልዱ አጥንታቸው ድረስ ገብቷል። ስለዚህ ሱቁን ሸጠው፣ ያጠራቀሙትንም ጨምረው፣ መሐል ከተማ ያለ ሁለት መቶ አርባ ካሬ ሜትር ቤት በዘጠኝ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ሊገዙ ቆርጠዋል። ለሱቁም ገዢ ያገኘላቸው ያው ደላላ ነው። በሁለት ቢላዋ ሲበላ አንደኛውን እንኳ ለመደበቅ አልደከመም።

“ለሰፊ ሰፊ ቤት ነው የሚገባው” ይላል ደላላው፤ ይልና በራሱ ቀልድ ይስቃል።

እትዬ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ባለቤታቸውን ማለቴ ነው። “ቁልፉን ስሰጣት ታየዋለች” አሉኝ። ደሜ ፈላ። ባል ለማደር የሚገባበትን ቤት ሚስት ከንጋት እስከ ማታ ትውልበታለች፤ ወሬውን የምትሰማው ግን ከተገዛ በኋላ ነው። ይህንንም የቤት አባወራነት እንለዋለን። ምስክር እንጂ ዳኛ ሆኜ አልተጠራሁምና ምላሴን ነከስኩ።

የእህታቸው ልጅ የሚገዛው ቤት በር ላይ ጠበቀችን። መሐንዲስ ናት፤ ከሥራ ቦታዋ በቀጥታ ስለመጣች ጫማዋ ሲሚንቶ እንደለበሰ ነው። አጎቷን ሳመችና መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ዋጋው አልነበረም።

“ጋሼ፣ ለክተውታል?”

“ምኑን?”

“ቤቱን።”

ጋሽ መርፌ ወደ ደላላው ዘወር አሉና እንደ ማፈር አሉ። “ልጄ፣ ሜትር ይዞ የሰው ቤት የሚገባ ሬሳ ሳጥን ሠሪ ብቻ ነው። ባለቤቱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ቁጥሩን ከአፋቸው ሰምቻለሁ፤ ወረቀትም አለ። በቤታቸው ሜትር መዘርጋት ውሸታም ነዎት ማለት ነው፤ ነውር ነው።”

ይህችን ነውር የምትባል ቃል ስንት አጭበርባሪ ተጠልሎባታል! ዶሮ ስንገዛ ክንፏን ገልጠን፣ ደረቷን ዳብሰን፣ ቀንሱ ብለን ሦስት ጊዜ ሄደን እንመለሳለን። የዕድሜ ልክ ልፋታችንን የምናፈስበትን ቤት ግን ቀና ብሎ ማየት ያሳፍረናል። ልጅቱ እንደ እኔ ቶሎ አትቆጣም፤ በራሳቸው ሙያ መጣችባቸው።

“አንድ የተከበረ ሰው መጥቶ ወገቤ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ነው ቢልዎት፣ ጨርቁን ይቆርጣሉ?”

“ሳልለካ? ምን ነክቶኝ?”

“ውሸታም ነው ብለው ነው?”

“ውሸታምስ አይደለም። ሃያ ዓመት ሲሞላው የነበረውን ወገብ ነው የሚነግረኝ። ወገቡን የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።”

“ሲለኩትስ ሰደቡኝ ይላል?”

“እጁን ዘርግቶ ይቆምልኛል እንጂ።”

“ታዲያ ቤቱ እጁን ዘርግቶ ቢቆም ምን አለበት?”

ጋሽ መርፌ ሳቃቸውን ዋጡና ወደ ሌላ ክርክር ተሻገሩ። የጎረቤቱ ቤት ባለፈው ዓመት በዚሁ ዋጋ መሸጡን፣ የቤት ዋጋ ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንደማያውቅ ነገሯት። ስለ ጎረቤቱ ሽያጭ ማን እንደነገራቸው ጠየቀቻቸው። ደላላው ነው። ገዢውን አነጋግረዋል? አላነጋገሩም። የተጠየቀ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ እሳቸው ራሳቸው ለአንድ ኮት የሚጠሩትና በመጨረሻ የሚቀበሉት ምን ያህል እንደሚራራቅ አስታወሰቻቸው። “እሱስ ይራራቃል” አሉ፤ ባለ ሙያ ስለ ሙያው አይዋሽም።

ደላላው ባለቤቱ እየጠበቁ ነው ብሎ አጣደፈን፤ ገባን።

ባለቤቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጡረታ የተሰናበቱ ሹም ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጡን። ሳሎኑ ዓይን ይሞላል፤ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ከባድ ቀይ መጋረጃ ሸፍኖታል። ደላላው ውሉን ዘርግቶ ብዕሩን አቀበላቸው። ጋሽ መርፌ ግን ብዕሩን ይዘው ዓይናቸው መጋረጃው ላይ ቀረ። ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው ጠርዙን በሁለት ጣታቸው አሹት።

“ይህ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ እንደገና ታጥፏል” አሉ በቀስታ። “ክሩም ከላይኛው ክር ጋር አንድ አይደለም። ጨርቅ ከታች የሚቆረጠው ሲበሰብስ ነው።”

ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቀው መጋረጃውን ገለጡት። ከኋላው አንድ ሜትር ከሃያ የምትሆን ጠባብ መስኮት አለች። የቀረው ግድግዳ ነው፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተልጦ፣ እርጥበት እንደ ካርታ ሥሎበታል። ጋሽ መርፌ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱና የልብስ ሜትራቸውን አወጡ።

“ጌታዬ፣ በሙያዬ ሳልለካ አልቆርጥም” አሉ። “ቢፈቅዱልኝ?”

ሹሙ ፊታቸው ቀላ። በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ፤ ግን አይሆንም ማለት ደግሞ የሚያስገምት ሆነባቸውና “ይለኩ” አሉ።

የልብስ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ናት። ጋሽ መርፌ ከነሙሉ ልብሳቸው ተንበርክከው፣ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ፣ ክፍል በክፍል ሄዱ። ልጅቱ እየጻፈች ተከተለቻቸው፤ ቀጥላም በራሷ የብረት ሜትር አረጋገጠች። ልዩነታቸው አራት ጣት አይሞላም። ቤቱ አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ካሬ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሰባ ሁለቱ የት ገባ? ሦስት ጎረቤቶች የሚመላለሱበት የጋራ መተላለፊያ፣ የውጭው ደረጃና የበረንዳው ጥላ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ቤት ተብለው ተቆጥረዋል።

“ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚለካው” አለ ደላላው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። ሁሉም የሚባለውን ሰው አምጣልኝና ልጠይቀው አልኩት። በዚህ አገር ጥፋት በተገኘ ቁጥር የሚጠራው ምስክር ሁሉም ነው፤ ቃሉን ሲሰጥ ያየው ግን የለም። ደላላው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ።

ጋሽ መርፌ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ በጣታቸው አሰሉ። “ከአሥር ሜትር ጨርቅ ሰባት” አሉ። “አሥር ከፍዬ ሰባት ልቀበል ነበር። አንድ ነጋዴ ይህን ቢያደርገኝ ጨርቁን ፊቱ ላይ እጥልበት ነበር።”

ሹሙ ለረጅም ጊዜ ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። ቁጣቸው በርዶ ነበር። “እኔም በዚሁ ቁጥር ነው የገዛሁት” አሉ። “አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ግብር ስከፍል የኖርኩት በሌለኝ ሰባ ሁለት ካሬ ሜትር ጭምር ነው። ያኔ መለካት አፈርኩ።”

ከዚያም ዋጋውን ወደ ሰባት ሚሊዮን አወረዱት። የጋሽ መርፌ ዓይን በራ። ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ በአንድ ረፋድ ያተረፉ መሰላቸው፤ ብዕሩንም እንደገና አነሡ። ልጅቱ ለጥቂት ደቂቃ ላነጋግርዎት ብላ ወደ ደጅ አወጣቻቸው፤ እኔም ምስክር ነኝና ተከተልኩ።

“አሁን ምን ቀረ?” አሏት። “ዋጋው ልኩን አገኘ።”

“ቤቱ ተለካ። የሚሰጡለት ነገር ግን አልተለካም።”

“ገንዘብ ነዋ።”

“ሱቁን ነው የሚሰጡት። ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠው ምን ሊሰፉ ነው? ደንበኛዎ ማዕዘኑን እንጂ እርስዎን ተከትሎ አይመጣም። ሁለቱ ሠራተኞችስ?”

“ቤት ሀብት ነው፤ ይጨምራል።”

“ይጨምር። ሽጠው ካልወጡበት ጭማሪው ለእርስዎ ምን ያደርጋል? ቤት አይበላም፣ ጋሼ። ለባለ ደሞዝ ሰባት ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት ለእርስዎ ሰባቱንም የሱቁንም ገቢ ያስከፍላል።”

“እኔስ ሰው አይደለሁም?” አሉ። “በሰው ፊት መሳቂያ ሆኜ ልሙት?”

ልጅቱ እጃቸውን ያዘች። “በሳቁት ሰዎች ልክ ነው ወይ ቤት የሚሰፋው? የሚኖርበትን ሰው ይለኩ። እትዬን ጠይቀዋቸዋል?”

ጋሽ መርፌ ወደ ውስጥ ገብተው ባለቤቱን አመሰገኑ፤ ቀብዱን እንደማይሰጡ በትሕትና ተናገሩ። ልጅቱም ለሹሙ የተለካውን በንጹሕ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው።

ሱቁ ስንደርስ እትዬ ደጅ ካለው የጋራ ቧንቧ ባልዲ ተሸክመው እየገቡ ነበር። ጋሽ መርፌ ባልዲውን ተቀበሏቸውና፣ ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ፤ ከቤት ምን እንደሚፈልጉ። እትዬ ለማሰብ እንኳ አልቆሙም። ቧንቧ ወጥ ቤት ድረስ እንዲገባላቸው፣ ከምድጃው በላይ ጭሱ የሚወጣበት መስኮት እንዲከፈት፣ ጓዳው በግንብ ተከፍሎ የእንግዳ መኝታ እንዲወጣው እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ልጅቱ እዚያው ቆማ አሰላችው፤ ጠቅላላ ወጪው ለደላላው በድለላ ሊከፈል ከነበረው የማይበልጥ ሆነ።

ሥራው በአምስት ሳምንት አለቀ። ሱቁ በቦታው አለ፤ ሁለቱ ሠራተኞች ሦስት ሆነዋል። የጋሽ መርፌ ቁጠባ ብዙም አልተነካም። እትዬን ዓመት ሙሉ ያስጨነቃቸው ሳል ጭሱ መውጫ ካገኘ ወዲህ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ገዢ አጥቶ የቆየው የሹሙ ቤትም ትክክለኛው ልኩ በተጻፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ደመወዝተኛ ለሆኑ ባልና ሚስት ተሸጧል፤ ግድግዳው እርጥብ መሆኑን እያወቁ፣ በልኩ ከፍለው ገቡበት። ሻጭም ገዢም አልተጎዳም። መለካት ሰውን መስደብ ነው የሚል አሁንም ካለ ይምጣና ከእነዚህ ሰዎች መካከል የተሰደበውን ያሳየኝ።

የጋሽ መርፌ “ነገ” አምስት ሳምንት አልፎት ሱሪዬን ልወስድ የሄድኩ ዕለት እትዬ በአዲሱ መስኮት ሥር ዕቃ እያጠቡ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። ቧንቧውን ዘጉና በመገረም አዩኝ።

“ማን ጠየቀኝ?” አሉ።