ጤነኛው ጂን

ካርቱም ውስጥ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ወደ ካላክላ ሰፈር በሚሄደው ሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት አዛውንት ሁለቱም የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ነበሩ።

«የጂን ምርመራህ መጣ፣ ወልዱ?»

«መጣ። ተበላሽቷል አሉኝ።»

«ታድለህ።»

«ምኑ ነው መታደሉ፣ ተሰማ?»

«አዲሱ መድኃኒት የሚመታው የተበላሸውን ነዋ። የኔ ጂን ጤነኛ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚመታው ነገር የለም ብለው ከመድኃኒቱ የሙከራ ጥናት አስወጡኝ።»

«ሰባት ቤት ቢቆጠር እንከን የለብኝም ስትል ኖረሃል።»

«አሁንም የለብኝም። ቀናሁብህ።»

«የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ሌላ ጥናት አለ አሉ። ኢንሻላህ ለዚያ ይወስዱሃል።»

«ጠየቅኩ። እሱም እንዳንተ ጂኑ የተበላሸበትን ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲያው መድኃኒት ስወስድ አብረኸኝ ና።»

«መጥቼ ስትድን ልይ?»

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ስለ ጂን ላብራራላቸው የከፈትኩትን አፍ ዘግቼ፣ ሾፌሩ እንዲያቆም እንደ አገሩ ልማድ ጣቴን አጩኼ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።