የዳማው ጋላቢ ለምን አይናገርም

አያ ሙላቴ የዚያን ዕለት ከሰው ጋር መገናኘት አልፈለጉም ነበር። የመርቆሬዎስ ዋዜማ ነው፤ ደብረ ታቦር ከየአቅጣጫው በመጣ ፈረሰኛ ተጨናንቃለች። ሌላው ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ በዋናው መንገድ ሲያሳልፍ፣ እሳቸው ዳማ ፈረሳቸውን በጓሮ በጓሮ እየሳቡ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ወረዱ። ጌጡን አውልቀውለታል፤ በላዩ ላይ አሮጌ ጆንያ ጣል አድርገውበታል። እንዲህ ያለ ፈረስ በጆንያ ይሸፈናል? ይሸፈናል እንጂ! ዓይን አለ፣ አፍ አለ፣ የሰው ነገር ምኑ ይታመናል?

ወንዙ ዳር ሲደርሱ አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስትታጠብ አገኙ። የጎረቤታቸው የፈንታነሽ ልጅ ሕይወት ናት፤ ተምራ የእንስሳት ሐኪም ሆናለች። ስታያቸው ብድግ አለች።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ሙላቴ?»

«እግዜር ይመስገን። ደኅና ነሽ፣ ልጄ? እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። እግዜር ነው ያገናኘን! አንቱን ፍለጋ ከተማውን ስዞር ውዬ፣ ሲደክመኝ ነው እዚህ የተቀመጥሁት።»

በበዓል ዋዜማ እንዲህ የሚፈልግ ሰው ምን ይዞ ይመጣል?

«ምነው? ደረጄ አንድ ነገር ሆነ?»

«ኧረ እሱስ ደኅና ነው። ጠዋት በሬዲዮ የተናገረውን ሰምተዋል?»

ሰምተዋል ወይ! አጠገቡ አልነበሩም እንዴ? ደረጄ ልጃቸው ነው፤ በሽምጥ ግልቢያ በፋርጣ ምድር የሚደርስበት የለም። ጠዋት ወደ ከተማ ሲገቡ አንዲት ጋዜጠኛ ማይክሮፎኗን ደቅና «ፈረስህ ለነገ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ደረጄ አባቱን አየ። አባቱ እህ እህ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተማረውን ተናገረ። «ኧረ እሱ ምኑ ፈረስ ነው! ያነክሳል፤ ሲያስለውም ነው የሰነበተ። ለነገ የሚደርስ አይመስለኝም» አለና በኩታው አፉን ሸፍኖ ሄደ። ዳማው ደግሞ ከኋላው መሬቱን እየቆፈረ ያሽካካ ነበር።

«ሰምቻለሁ» አሉ አያ ሙላቴ። «ደግ ነው የተናገረ። ምን አጠፋ?»

«የበዓሉ ኮሚቴ ዳማው ነገ ሜዳ እንዳይገባ ወስኗል።»

ልጓሙ ከእጃቸው ወደቀ። ሕይወት ጎንበስ ብላ አንስታ መልሳ ሰጠቻቸው።

«በመርቆሬዎስ! በምን ጥፋቱ?»

«የሚያስለው ፈረስ ሌላውን ያስይዛላ! ፈረሰኞቹ ሁሉ «ከእኛ ፈረስ ጋር አይቀላቀልም» ብለው ኮሚቴው ፊት ቆመዋል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የሬዲዮው ወሬ በየስልኩ እየዞረ፣ ሰው ደረጄን «የታመመ ፈረስ ሊጋልብ ነው፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው» እያለ ይሰድበዋል።»

«ደረጄን? ጨካኝ? ከራሱ አስቀድሞ ለፈረሱ ውሃ የሚያጠጣውን ልጅ?»

«እኔማ አውቃለሁ። ሰሚው በምን ይወቅ?»

አያ ሙላቴ ሕይወት ከተነሣችበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን ነገ ነው። ደረጄ ዘንድሮ ፈረሰኞቹን መርቶ ታቦቱን እንዲያጅብ ታጭቷል፤ እሳቸው በጉልበታቸው ዘመን ተመኝተው ያላገኙት ወግ ነው። ያ ሁሉ በአንዲት ጠዋት ንግግር ሊቀር!

«እንግዲያው መርምሪውና ጤነኛ ነው በያቸው፣ ልጄ። ሐኪም አይደለሽም?»

«መመርመሩን እመረምረዋለሁ። ግን ጋላቢው ራሱ በአፉ ታሟል ብሎ እኔ የጎረቤቱ ልጅ ጤነኛ ነው ብል ማን ያምነኛል? አድልታ ነው ይሉኛል። ጋዜጠኛዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜዳው ላይ በቀጥታ ታስተላልፋለች። ደረጄ ራሱ ቀርቦ፣ ሰው ፊት፣ እንደ ሰው ይናገር።»

«አይሆንም!» አሉ አያ ሙላቴ። ቁጣቸው ከፍርሃታቸው የመጣ ነበር። «ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሁ። ፈረሴ እንዲህ ነው፣ እኔ እንዲህ ነኝ እያለ ባደባባይ አይለፈልፍም። ያ የአንበሳሜው በላይነህ አለልሽ አይደል? ሬዲዮ ባየ ቁጥር ጥርሱን የሚያገጥጠው! የሚጋልበው በአፉ ነው እንጂ በፈረሱ አይደለም።»

ሕይወት ሳቀች። «በላይነህን አይሙብኝ። አምና ፈረሱን እንዴት እንደሚይዘው ሲጠይቁት ምን እንዳለ ያውቃሉ? «ጀርባው ሲቆስል አልጭነውም፤ ኮርቻዬ እንዳይልጠው ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አነጥፋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ የፈረሱን ቁስል ሊያሳክም እኔ ዘንድ የሚመጣው ገበሬ ተሰልፎ ነው። እኔ ይህን ነገር ቀበሌ ለቀበሌ ስለፈልፍ ማን ሰማኝ? ጋላቢ ሲናገር ግን ሰው ይሰማል። ደረጄ ከሱ ይልቅ ያውቃል። እውቀቱን ግን አፉ ላይ ባጣፋው ኩታ ሸፍኖ ይዞት ይዞራል።»

«አይታይሽም እንዴ? ምስጋና ሲበዛ ዓይን ይበላዋል!»

እዚህ ላይ በአያ ሙላቴ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ፍርሃታቸው እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ልጅ ሳሉ አባታቸው የሚያምር ጥቁር ፈረስ ነበራቸው። በአንድ ሠርግ ላይ አዝማሪው ሙሽራውን ትቶ ፈረሱን ሲያወድስ ዋለ፤ እድምተኛው ሁሉ ቆሞ አየው። በማግሥቱ ፈረሱ ሆዱን እያየ ተንፈራፍሮ ሞተ። አባታቸው ከዚያ ወዲያ ሌላ ፈረስ አልገዙም። ይህንን ለሕይወት አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

ሕይወት በዝግታ ጠየቀቻቸው። «ፈረሱ ሠርጉ ላይ ምን በላ፣ አያ ሙላቴ?»

«ገብስ ነዋ! ሁሉም ወድዶት! ሚዜዎቹ ናቸው፣ ሴቶቹ ናቸው፣ ያልሰጠው የለም፤ ያ ሁሉ ገብስ ጠግቦ፣ በላዩ ውሃ...»

እጃቸው አገጫቸውን ይዞ ቀረ። የፈረስ ሰው ናቸው፤ ገብስ ያለ ልክ በልቶ ውሃ የጠጣ ፈረስ ምን እንደሚሆን ሊነገራቸው አያስፈልግም። ለዳማው እንኳ ገብሱን በእፍኝ ሰፍረው የሚሰጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ግን ሁለቱን ነገር ለአንድ ቀን አገናኝተው አስበውት አያውቁም።

«ዓይን የለም ልትዪኝ ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መለማመጥ።

«እሱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እኔ የሆድ ሐኪም ነኝ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ደረጄ ጠዋት የተናገረውን የእኛ ሰፈር ሰው ቢሰማው ወጉን ስለሚያውቅ ስቆ ያልፈዋል። ሬዲዮ ግን የሰፈር አጥር አይደለም። ጎንደርም ባሕር ዳርም ያለ ሰው ያነክሳል ሲባል ያነክሳል ብሎ ነው የሚይዘው።»

«ጋዜጠኛስ? አንዱን ብትናገሪ ሌላ አድርጎ አያወራውም?»

«የሚያደርግ አይጠፋም፤ አልዋሽዎትም። ለዚያውም መላ አለው። የማይወደውን ጥያቄ ፈገግ ብሎ «እሱን ለጊዜው ተዪኝ» ቢላት ማን ይቀየመዋል? ዝም ሲል ግን ዝምታውን ሰው እንደፈለገው ነው የሚተረጉመው። አምና አሸንፎ አፉን ሸፍኖ ሲሄድ ትዕቢተኛ አሉት። ዘንድሮ ጨካኝ አሉት። ለከርሞ ምን ሊሉት ነው?»

ዳማው ውሃውን ጠጥቶ ጨርሶ በአፍንጫው ትከሻቸውን ገፋ አደረጋቸው። ጆንያውን ገፈፉለት። ከዚያ ከሕይወት ጋር ዳገቱን ወደ ሜዳው ወጡ፤ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር።

ሜዳው ላይ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ጋዜጠኛዋ መሐል ናት፤ ደረጄ ከፊቷ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ኮሚቴው ጠርቶት መምጣቱ ነው። ያ በፈረስ ላይ ሆኖ ገደል የማይፈራ ጎረምሳ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ደረጄ፣ ፈረስህ ታሟል ብለኸን ነበር። ለምን ልትጋልበው አሰብህ?» አለችው ጋዜጠኛዋ።

ኩታው ወደ አፉ ወጣ። ከክቡ ውስጥ አንዱ «ይኸው፣ ዘንድሮም ሊዘጋን ነው!» አለ። ሌላው ሳቀ። ደረጄ ዓይኑን አሻግሮ አባቱን ፈለገ፤ ሲያገኛቸው እንደ ጠዋቱ ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉለት ጠበቀ።

ያን ጊዜ ነው አያ ሙላቴ ነገሩ የገባቸው። ይህ ልጅ ዝም ያለው ኮርቶ አይደለም፤ እሳቸው ዝም በል ስላሉት ነው። የሚሰደበውም በእሳቸው ወግ ነው። ሰውን እየገፉ መሐል ገቡ።

«ኩታህን ከአፍህ አውርድ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ ጋዜጠኛዋ ዞሩ። «የኔ እመቤት፣ ፈረሱ አልታመመም። እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። ዓይን ፈርቼ ነው። የኛ ሰው ሸጋ ነገር ሲኖረው አይረባም ይላል፣ እንዳይበላበት። ልጄ ጨካኝ አይደለም። ስድቡን ለኔ አድርጉት።»

ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኗን ቀስ ብላ ወደ ደረጄ መለሰች። «እሺ ደረጄ፣ ዳማው በእውነት ምን ዓይነት ፈረስ ነው?»

ደረጄ መጀመሪያ ተንተባተበ። «እሱማ... ሌባ ነው» አለ። ሰው ጆሮውን አቆመ። «ባርኔጣ ይሰርቃል። የአባቴን ባርኔጣ ስንቴ በልቷል! ካላፏጨሁለት ውሃ አይጠጣም። ሲኮራ ደግሞ ጀርባውን ይሰጠኛል፤ ይቅርታ ካልጠየቅሁት አይጫንም።» ክቡ በሳቅ ፈነዳ። ደረጄም ሳቀ። ከዚያ አፉ ተፈታና ጀርባው እንዳይላጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ከግልቢያ በኋላ ላቡ ሳይደርቅ ለምን ገብስ እንደማይሰጠው እየሳቀ አወራ። አያ ሙላቴ ልጃቸው ከፈረሱ ጋር ሲሆን እንዲህ እንደሚጫወት ያውቁ ነበር፤ ከሰው ጋር ሲጫወት ግን ያዩት ገና ዛሬ ነው።

ሕይወትም ሰው ሁሉ እያየ የዳማውን ሳንባ አዳመጠች፤ እግሩን አንድ በአንድ አንስታ ዳበሰች፤ ሶምሶማ አስሮጠችው። ከፈረሰኞቹ መካከል ሽማግሌ የሆኑት ቀርበው አዩና «ይግባ» አሉ። ኮሚቴውም ይግባ አለ።

አያ ሙላቴ ግን እፎይ አላሉም። ይብሱን ጨነቃቸው። አሁን እኮ ዳማውን የማያውቀው የለም! በማግሥቱ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ፣ ደረጄ በዳማው ላይ ሆኖ ፈረሰኞቹን እየመራ ብቅ ሲል፣ የዚያ ሁሉ ሰው ዓይን በአንዴ ሲዞር አዩ። የአባታቸው ፈረስ የሞተበት ቀን ፊታቸው መጣ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን በእጃቸው ያዙ። ቢይዙትም ሰሙት። አንዲት ሴት ከፊት ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዳማው! ከዓይን ያውጣህ!» አለች። አጠገቧ ያለው ተቀበላት። ከዚያ ሜዳው በሙሉ «ከዓይን ያውጣህ! ከዓይን ያውጣህ!» እያለ ተነሣ። የእሳቸውን ፍርሃት በሬዲዮ ሰምቶት ኖሯል። እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ፤ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ።

በሽምጡ ደረጄ አላሸነፈም፤ የአንበሳሜው በላይነህ በፈረስ አንገት ያህል ቀደመው። ግን አምና አሸንፎ ብቻውን የሄደው ልጅ፣ ዘንድሮ ተሸንፎ በሰው ትከሻ ላይ ዞረ። በላይነህ ራሱ ነው መጀመሪያ የተሸከመው።

እንግዲህ ስሙኝ፤ ጋላቢ በሬዲዮ ቢናገር ምን ይጠቀማል ለምትሉ ይኸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕይወት ዘንድ ፈረሱን ይዞ የሚመጣው ሰው ከይፋግም ከአንበሳሜም ሆኗል። «ልጄ ግልቢያ ልማር ብሎ አስጨነቀኝ» የሚል አባት የደረጄን ደጅ ያንኳኳል። ሰው የሚያውቀውን ይወዳል፤ የማያውቀውን ይጠረጥራል። መልካም ፊትና እውነተኛ ቃል ጉራ አይደለም፤ የሰውን ጥያቄ ማክበር ነው። ሙያውን ያወቀ፣ ሙያውን ደግሞ ይናገርለት።

የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ግርግሩ ጋብ ሲል፣ ጋዜጠኛዋ አያ ሙላቴን ፈልጋ መጣች። «አባቴ፣ እስቲ ስለ ፈረስዎ አንድ ቃል ይበሉን።»

እጃቸው ወደ ኩታቸው ሄደ፤ ሄዶም መንገድ ላይ ቆመ። በዕድሜያቸው ሙሉ ብለውት የማያውቁት ቃል ነው።

«ሸጋ...» አሉ። ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ሸጋ ፈረስ ነው።»

ከዚያ ደንግጠው ዘወር አሉና ዳማውን አዩት። ባርኔጣቸውን እየበላ ነበር።