የኩርባው ምስክር

መንጃ ፈቃዴን የተነጠቅሁት አንድ ኩርባ ላይ ደጋግሜ በመቆሜ ነው። ያኔ ከደሃና እስከ ሰቆጣ አይሱዙ እየነዳሁ እናቴንና እህቶቼን አበላ ነበር። ልጃቸው ከነመኪናው እዚያ ኩርባ ላይ ገደል የገባባቸው ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ሲያነሱ ሹፌር ሁሉ ይቆማል፤ ፊታችንን አይተው "በል ሂድ" ይሉናል። ትራፊክ ፖሊሱ ኩርባ ላይ መቆም ክልክል ነው ብሎ አራት ጊዜ ከሰሰኝ። ጠበቃዬ ሽማግሌውን ፍርድ ቤት የመከላከያ ምስክር አድርጎ አቀረባቸው።

"አባቴ፣ ሹፌሮቹን ለምን ያስቆማሉ?" አሉ ዳኛው።

"ልጄ እንዲያያቸው ነው፣ ጌታዬ።"

"የማይቆሙትስ?"

"እነሱንም ያያቸዋል። እሱ ዘንድ ሲወርዱ።"

ትራፊኩ ሳቀ። ፈቃዴ ተሰረዘ። ጓደኞቼም የእኔ ዕጣ እንዳይደርሳቸው ፈርተው ኩርባው ላይ መቆም ተዉ። ያን መንገድ አብረን ከነዳን አራት ሹፌሮች ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።