በቁም ሣጥን የተቆለፈው ገመድ

ክቡራትና ክቡራን፣

ከምስጋናው በፊት አንድ ወሬ አርማለሁ። ሸዋረገድ የምትሰናበተው የኮምፒውተር ማገናኛው ዶኪንግ ስቴሽን ላይ ጠበል ረጭታ ስላቃጠለችው ነው ይባላል አሉ። ይህን ከሦስት ሰው ሰምቻለሁ። ሦስተኛው ሰው ጠበሉ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደመጣ ጭምር ነግሮኛል። አልረጨሁም። ጡረታ የምወጣው ስድሳ ዓመት ስለሞላኝ ነው። ዕቃውንም እኔ አላቃጠልኩትም። ማንም አላቃጠለውም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

አሁን ምስጋናው። ይህን ክፍል ላሳመረችው ለዚነት፣ ዝግጅቱን ለፈቀዱት ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ እስጢፋኖስ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ለመጣችሁም ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስ። ኬኩን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛውን ለሌላ ነገር ፈልጌው ነው። በጨርቅ የተሸፈነውን ማንም እንዳይነካብኝ።

ነገሩን የማታውቁ አዳዲስ ሠራተኞች ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሥራችን ትርጉም ነው። የተርጓሚ አንድ ዐይን ዋናው ጽሑፍ ላይ፣ ሌላው ዐይኑ ትርጉሙ ላይ ነው። ላፕቶፕ ለዚህ ይጠብባል። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ሁለት ትልልቅ ሞኒተሮች ተገዙ፤ ዶኪንግ ስቴሽን የሚባል የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል ጥቁር ዕቃም አብሮ መጣ። ሞኒተሮቹ ከዕቃው ጋር ይገናኛሉ። ዕቃው ደግሞ በአንድ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል። በቃ። ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም።

ፈርማ የተረከበችው ለሊሴ ናት፤ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው። በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እንደሷ የሚተረጉም አላየሁም። ጠዋት ሰካችው። ላፕቶፑ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፣ ማውሱም ሠራ፤ ሞኒተሮቹ ግን ጨለማ። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ መጣ። ለምርመራው ይህ በቂ ሆነ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ጌቱ መጣ፤ ዕቃውን እንቁላል እንደሚመርጥ ሰው ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀውና፣ “ተቃጥሏል” አለ።

ለሊሴ፣ “ጌቱ፣ መብራቱ ከመሄዱ በፊትም አልሠራም እኮ” አለችው። ማን ሰማት?

በማግስቱ ሪፖርት ተጻፈ። መብራት ሲሄድ ሳትነቅለው በመቅረቷ፣ በግዴለሽነት የድርጅቱን ንብረት አቃጥላለች ይላል። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከግል ማኅደሯ ገባ። ስምንት ወር ሙሉ ይህች ልጅ ዋናውን ጽሑፍ አትማ፣ ከውኃ ኮዳዋ ጋር አስደግፋ እያየች ስትተረጉም፣ ሁለቱ ሞኒተሮች ከጎኗ አቧራ ጠጡ። የፊታቸው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም ነበር።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ትእዛዙን ሳያነብ እርሳስ ያነሣ ልጅ እጁን ይመታ ነበር። ምቱን አልደግፍም። ማንበቡን ግን እደግፋለሁ። ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ፣ መሳቢያዬን ሳጸዳ የዚህን ዕቃ መመሪያ አገኘሁ። ከነመጠቅለያው። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ሰው አልከፈተውም። በማጉያ መነጽር አነበብኩት። ገጽ አራት ላይ፣ አብሮ የመጣውን ገመድ ብቻ ተጠቀሙ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ ምስል ላያስተላልፍ ይችላል ይላል። ሄጄ የለሊሴን ገመድ አየሁት። ነጭ፣ ረጅም፣ የስልክ ገመድ።

ወደ ንብረት ክፍል ወረድኩ።

“መኩሪያ፣ ከዚህ ዕቃ ጋር የመጣ ገመድ ነበረው?”

“አለ እንጂ፣ እትዬ” አለኝ በኩራት። ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። “ይኸው፣ ከነላስቲኩ። ኦርጅናል ስለሆነ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ለሥራ የሚሆን ሌላ ሰጥቻታለሁ።”

ለሥራ የሚሆን ሌላ። ሰምታችኋል?

ጥፋቱ የመኩሪያ ብቻ አይደለም። እስቲ ጥሩዎቹ የሻይ ኩባያዎች የት ናቸው? ለእንግዳ ተብለው ተቆልፈዋል። አዲሶቹ መዛግብተ ቃላት የት ናቸው? እንዳይቀደዱ ተቆልፈዋል። ጥሩውን ቆልፈን በመናኛው እንሠራለን፤ ሥራው እምቢ ሲል ሠራተኛውን እንከሳለን።

ዚነት፣ ጨርቁን ከሞኒተሮቹ ላይ አንሺልኝ። ለሊሴ፣ ነይ። ነይ እንጂ፣ የሚነክስ ነገር የለም። ነጩን ገመድ ንቀይ። ጥቁሩን፣ ከቁም ሣጥኑ የወጣውን፣ ሰኪው። ትንሽ እንጠብቀው።

ይኸው።

አጨብጭቡ አላልኩም። ጌቱ፣ ቀረብ ብለህ እይ፤ ዛሬ መነቅነቅ አያስፈልግም። ምን አልክ? ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ዓይነት ነገር ነው? አዎ፣ እንደ ስብሰባችን። ለሊሴ፣ ምስሉን በሁለቱ ላይ አስፊው። አሁን ኦሮምኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ። ስምንት ወር የጠፋው ይህ ነው።

ወደ ከባዱ ልምጣ። ሪፖርቱ ላይ ሦስት ፊርማ አለ። አንዱ የጌቱ ነው፣ አንዱ የመኩሪያ ነው። ሦስተኛው የእኔ ነው። በታዛቢነት ፈርሚ ተባልኩ። አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት አገኘሁና በቀይ ምልክት አድርጌ መለስኩት። ታርሞ ሲመጣልኝ ፈረምኩ። ፊደሉን አርሜ ውሸቱን አሳለፍኩት። ለሊሴ የተቀመጠችው ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቃ ነበር፤ ዞር ብዬ፣ “ልጄ፣ እንዴት ሆነ?” አላልኳትም። በብዙዎቻችሁ ተቆጥቻለሁ። በዚያች በፈረመች እጄ የተቆጣሁትን ያህል ግን በማንም አልተቆጣሁም። ለሊሴ፣ በሰው ፊት ነው የፈረምኩብሽ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ሰኞ የአራሚነቱን ቦታ የሚረከበኝ ሰው ይመረጣል። ደንባችን ማኅደሩ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ አይወዳደርም ይላል። ትናንት ገመዱን ይዤ አቶ እስጢፋኖስ ዘንድ ገባሁ።

“ይታያል፣ እትዬ” አሉኝ። “ስንብቱ ይለፍ፤ ደስታውን አናበላሽ።”

የማንን ደስታ? የእኔን ከሆነ ተበላሽቷል። በዚህ ቤት ይታያል የተባለ ነገር ሲታይ አላየሁም። አቶ እስጢፋኖስ፣ ይህ ግን በርቷል። ከፊትዎ ነው። ሁሉም አይቶታል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጌቱ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይሥራ፤ አንብበህ የምትነካ ያድርግህ። መኩሪያ፣ ታማኝ ሰው ነህ፣ እድሜ ይስጥህ፤ ቁልፍህ የሚከፍት ይሁን። ዚነት፣ የለፋሽበት ይቃናልሽ። አቶ እስጢፋኖስ፣ ቶሎ የሚወስን ልብ ይስጥዎት። ለሊሴ፣ ከእኔ የተሻለ አራሚ ያድርግሽ፤ ከመፈረምሽ በፊት የምትጠይቂ። ሁላችሁንም ጤናና ሰላም አይለያችሁ፤ ሳትሸማቀቁ የምትሠሩበት ቤት ይሁንላችሁ።

ነገ ምን ትሠሪያለሽ ብላችሁኛል። ልንገራችሁ። እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እነሣለሁ። ጫማዬን እቦርሻለሁ። ከፉሪ ታክሲ ይዤ ለቡ መብራት ኃይል እወርዳለሁ። በር ላይ ሞልቱ ቦርሳዬን ይፈትሸኛል፤ ሞልቱ፣ ከነገ ጀምሮ እንግዳ ነኝና ሳትፈትሽ እንዳታስገባኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ፊርማዬን ያነሣሁበት ደብዳቤና የጀመርኩት ዳንቴል ይኖራሉ። ደብዳቤውን ለሰው ኃይል ክፍል እሰጣለሁ። ከዚያ በራቸው ላይ ያለችው የእንግዳ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማስጠንቀቂያው ከለሊሴ ማኅደር ሲወጣ በዐይኔ እስካይ ድረስ ዳንቴሌን እሠራለሁ።

ጡረታ የምወጣው ከዚያ በኋላ ነው።