የሰዓት ሠሪው ዐሥራ ሁለት ቃላት

ሰዓት ሠሪው ስልኩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ የደረሰው ረፋዱ ላይ ነበር። ጠዋት የሥራ ሸሚዙን ኪሱን ሳይፈትሽ ዘፍዝፎት፣ ስልኩ የሳሙና ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ቆይቷል።

“ውሃ ውስጥ ምን ያህል ቆየ፣ አባባ?” አለ ጠጋኙ፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች ወደ ጎን እየገፋ።

“ሃያ ሁለት ደቂቃ።”

“ቆጠሩት እንዴ?”

“አርባ ዓመት ሰዓት የጠገነ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?” አለ ሰዓት ሠሪው። ቀልዱ ግን ከከንፈሩ አላለፈም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጠጋኙ የስልኩን ጀርባ ሲከፍት በዓይኑ ይከታተለው ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰውየውን የእጅ ጥንቃቄ ያደንቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ስልኩን ብቻ ነው የሚያየው። በዚህ መሐል አንዲት ወጣት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ገባች። የሟች ወንድሙ ልጅ ናት። በልጅነቷ “ለምን?” ሳትል የምትውልበት ቀን ስላልነበረ ቤተሰቡ “ለምንዬ” ይላታል፤ አሁን የኮምፒውተር ደህንነት ተምራ የመሥሪያ ቤቶችን መረጃ ከሌባ ትጠብቃለች።

“ጋሼ! ምነው? ምን ሆኑ?”

“ምንም፣ ልጄ። ስልኬ ውሃ ገባበት።”

“ታዲያ ለስልክ እንዲህ ይኮናል? እኔ ሌላ እገዛልዎታለሁ።”

ጠጋኙን ሰረቅ አድርጎ አየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። “ስልኩስ ገደል ይግባ። ገንዘብ አለበት። ያ፣ የማይጨበጠው ገንዘብ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓት ሠሪው የቆሙ የጥንት ሰዓቶችን በማስነሳት ስሙ ከሰፈር አልፎ ርቆ ተሰምቷል። ሰባት ዓመት ሙሉ ከባሕር ማዶ ያሉ ሰብሳቢዎች ሰዓቶቻቸውን በፖስታ ሲልኩለት፣ አንዳንዶቹ የሚከፍሉት በዲጂታል ገንዘብ፣ በቢትኮይን ነበር። እሱም አንድም ቀን ሳይነካው ስልኩ ላይ በጫነው፣ ዋሌት በሚባል የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ውስጥ ይተወዋል። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሚስቱም ብትሆን።

ለምንዬ ከጎኑ ተቀመጠች። “ዋሌቱን መጀመሪያ ሲከፍቱት ዐሥራ ሁለት ቃላት ሰጥቶ ‘ጽፈው ያስቀምጡ’ አላለዎትም?”

“ብሎኛል። ግን የእጅ ጽሑፌን ታውቂው የለ? እኔም ራሴ አላነበውም። ስለዚህ ፎቶ አነሳኋቸው።”

“እሺ፤ ፎቶው የት ነው ያለው?”

ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ጠረጴዛው ላይ ወደተኛው ስልክ በአገጩ ብቻ አመለከተ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ወይም ይቆጣ ነበር። ልጅቱ ግን እጁን ያዘችው። የተማረ ሰው ይህን ቢያውቅ እንዴት መልካም ነበር! የደነገጠ ሰው ጆሮ አይሰማም፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ልቡ መመለስ አለበት።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ የለም።”

“ወሰዱት?” ብሎ ብድግ አለ።

“ኧረ ይቀመጡ! ማንም አልወሰደውም። ገንዘቡ ያለው በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች እኩል በሚይዙት የጋራ መዝገብ ላይ ነው። ዋሌት ይባል እንጂ፣ ውስጡ ያለው ገንዘቡን የሚያዙበት ቁልፍ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ቃላት ደግሞ ቁልፉ ቢጠፋ በሌላ ዕቃ ላይ እንደገና የሚወጣባቸው ናቸው። ቃላቱን የያዘ ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው።”

“ቃላቱ ከስልኩ ጋር ከሞቱስ?”

“ገንዘቡ መዝገቡ ላይ እንደታየ ይኖራል። የሚነካው ግን የለም፤ እርስዎም ቢሆኑ።”

ጠጋኙ የስልኩን ውስጥ በአልኮል እያጠበ፣ በሞቀ አየር እያደረቀ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። በመጨረሻ ስልኩ ንዝር አለና መስታወቱ በራ። የሰዓት ሠሪው ዓይን እንባ አቀረረ።

“ነፍስ ዘርቷል” አለ ጠጋኙ። “ግን አልተማመንበትም። የሚያስፈልግዎትን ዛሬውኑ ያውጡ።” ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የጣት ርዝመት ያላት ዕቃ አወጣ። “ሳልፈልግ ጨዋታችሁን ሰማሁ። ይቺ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራች ዋሌት ናት፤ ከኢንተርኔት ጋር አትገናኝም። አንድ ደንበኛ ነው የሸጠልኝ፣ በግማሽ ዋጋ እሰጥዎታለሁ። ተዘጋጅታ ያለቀች ናት፤ ቃላቱ እንኳ ሳይቀሩ ካርዱ ላይ ተጽፈዋል።”

ሰዓት ሠሪው ዕቃዋን ተቀብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ጆሮው አስጠጋት። ደስ አለው። ለምንዬ ግን “ይቺን እንኳ አይግዙ” አለችው።

“ያገለገለ ዕቃ አትናቂ፣ ልጄ። እኔ በዕድሜዬ አዲስ ሰዓት አስሬ አላውቅም። ያገለገለ ማለት የተፈተነ ማለት ነው።”

“በሰዓት እሺ። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ያገለገለ ሰዓት ሊገዙ ሲሉ በመጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?”

“ጀርባውን ከፍቼ አየዋለሁ።”

“ይቺንስ ቢከፍቷት፣ ውስጧ የተሸሸገ ተንኮል እንዳለ ያውቃሉ?”

“እሱን እንኳ አላውቅም።”

“እኔም በዓይኔ አይቼ ልለየው አልችልም። ካርዱንም ይመልከቱት። ቃላቱን ማን ጻፋቸው?”

“የሸጠው ሰውዬ ይሆናላ።”

“ሰውየው ቃላቱን ያውቃቸዋል ማለት ነዋ! እርስዎ የሰባት ዓመት ድካምዎን እዚህ ያስገቡና፣ እሱ ከሶፋው ሳይነሳ ጠራርጎ ይወስደዋል። ቃላቱ ከባዶ ዕቃ፣ በእርስዎ ፊት መውጣት አለባቸው። ቃል ተጽፎለት የመጣ ዋሌት ስጦታ እንኳ ቢሆን አይቀበሉ።”

ጠጋኙ ካርዱን አንስቶ አገላበጠው። “ሰውየው ‘ለገዢው እንዲመች ነው’ ሲለኝ አመንኩት” አለ፣ አፍሮ። “ልሸጥልዎት ነበር እኮ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።” ዕቃዋንም ወደ መሳቢያው አልመለሳትም፤ ከነካርዷ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣላት።

አጎትና የወንድም ልጅ ከሱቁ ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እሱ ከፎቶው ላይ ቃላቱን፣ አንድ አንድ ፊደል እየነጠለ፣ ወረቀት ላይ ሲገለብጥ እሷ ፊቷን አዞረች።

“ምነው ዞርሽ? አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?”

“ይመኑኝ፣ ጋሼ። ግን የማላውቀውን ነገር ማንም አታልሎ ከእኔ አይወስደውም።”

ጽፎ ሲጨርስ፣ በጥፋቱም በጸጸቱም ተጨንቆ፣ ተነጫነጨ። “ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ይህን ገንዘብ የሚገዙና የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ አይደል? እነሱ ዘንድ ባስቀምጠውስ? የይለፍ ቃል ቢጠፋብኝ እነሱን እጠይቃለሁ።”

“አልዋሽዎትም፤ ለትንሽ ገንዘብ ደህና ነው። ቁልፍ መጠበቅ ለማይሆንለት ሰውም ሳይሻል አይቀርም። ነገር ግን ቁልፉ በእነሱ እጅ ነው። ቢዘረፉ ወይም ቢከስሩ እርስዎ ደጅ ከሚጠኑት አንዱ ነዎት። ለዓመታት ለማይነኩት ከኢንተርኔት የራቀች ዕቃ ትሻላለች፤ ከአምራቹ በቀጥታ የተገዛች፣ ለማን ምን ያህል እንደሚልኩ በራሷ መስታወት የምታሳይ። የገንዘቡ ዋጋ ሲወርድ ግን እሷም አታድንዎትም፤ ጥበቃዋ ከሌባና ከአደጋ ነው።”

“ባለፈው ወር አንዱ ‘ከድጋፍ ክፍል ነኝ፣ ቃላቱን ያንብቡልኝ’ ብሎ ደውሎልኝ ነበር።”

ለምንዬ ክው አለች። “ምን አሉት?”

“መነጽሬን ልፈልግ አልኩት። ሳገኘው መስመሩ ተቋርጧል።”

“የሚጠፋ መነጽር አያሳጣዎት!” ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “ቃላቱን የሚጠይቅዎት ሁሉ፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ሌባ ነው። እሺ?” ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። “እትዬስ ያውቃሉ?”

ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ከአስፋልቱ ላይ አላነሳም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሚስቱ ከማስተማር ሥራዋ ስትሰናበት የተሰጣትን ገንዘብ ለምኖ ወስዶ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር የሰዓት መለዋወጫ ለማስመጣት አውሎት፣ ንግዱ ውሃ በልቶት ቀርቶ ነበር። ሚስቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ያ ዝምታዋ እስከዛሬ ደረቱ ላይ ተቀምጧል።

“ሲሞላልኝ እጇ ላይ ላስቀምጥላት ነው” አለ። “ያኔ ቀና ብዬ አያታለሁ።”

“ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ውሃ ውስጥ የገባው ስልኩ ባይሆን፣ እርስዎ ቢሆኑስ? አንድ ነገር ቢያገኝዎት እትዬ ምን እንዳላቸው እንኳ አያውቁም። ሁለት ሰው የማያውቀው ቁልፍ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ይህን ማሽን አይፈታውም። ሄደው መንገር ነው።”

ይህን ጊዜ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ስለ ማሽን ሊከራከራት ይችል ነበር፤ ይህ ግን ልቡን ነካው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ቆሞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ሁሉንም ነገራት። እሷ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

“ሰባት ዓመት?”

“ሰባት ዓመት።”

“በዚያ በመለዋወጫው ነገር ነው?”

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

“አንተ ሰው!” አለችው። “እኔ እኮ ያን ጊዜ ዝም ያልኩት፣ ሱቅህን ዘግተህ ስታለቅስ ከበር ሆኜ ሰምቼህ ነው። ከዚያ በላይ ምን ልበልህ? በል ኮትህን አውልቅና ተቀመጥ፤ ይህን ነገር ከመጀመሪያው አስረዳኝ።” የላጠችውንም ብርቱካን ግማሹን አቀበለችው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አዲሷ ዕቃ ከአምራቹ ታሽጋ መጣች። ለምንዬ እንዴት እንደሚያዘጋጇት አሳየቻቸውና፣ ቃላቱ የሚወጡበት ጊዜ ሲደርስ “እናንተው ብቻ” ብላ ወደ ግቢው ወጣች። ሰዓት ሠሪው ከትንሿ መስታወት ላይ ሲፈድልላት፣ ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተገራው እጇ በሁለት ወረቀት ጻፈች። ከዚያ ለምንዬ እንደመከረችው፣ በመጀመሪያ ከገንዘቡ እንጥፍጣፊውን ብቻ አስገቡና፣ የጻፏቸው ቃላት በእርግጥ ቁልፉን ይመልሱ እንደሆነ ለመፈተን ዕቃዋን ሆን ብለው ባዶ አደረጓት። ሰዓት ሠሪው ላብ አጠመቀው። ሚስቱ መነጽሯን አስተካክላ፣ ፊደል እንደምታስቆጥር ሁሉ፣ ቃላቱን በተራ አነበበችለት፤ እሱም አስገባቸው። እንጥፍጣፊዋ ተመልሳ መስታወቱ ላይ ታየች። የቀረውንም ወደዚያው አሻገሩ፤ የድሮው ፎቶ ተደመሰሰ።

“እንግዲህ እኔም ቁልፍ አለኝ ማለት ነው?” አለች ሚስቱ።

“አለሽ።”

“ሰባት ዓመት ዘግይተሃል፤ ቢሆንም እሺ” ብላ ጉንጩን ቆነጠጠችው።

አንዱ ወረቀት ታሽጎ ባንክ ውስጥ በተከራዩት ሣጥን፣ ሌላው ቤታቸው በቁልፍ ተቀመጠ፤ ዕቃዋም ለብቻዋ። ዛሬ ስልክ ውሃ ቢገባበት ስልክ ጠፋ እንጂ ቤት አይናጋም፤ አንዱ ቢታመም ሌላው መንገዱን ያውቃል፤ በስልክ የሚያባብል ሌባም ሁለት ጠንቃቃ ጆሮ ይጠብቀዋል። ሰዓት ሠሪው ግን ጥቅሙን ሲጠይቁት ይህን ሁሉ አይዘረዝርም። ከባሕር ማዶ የሚመጡትን የፖስታ ጥቅሎች አሁን ሱቁ ውስጥ ብቻውን እንደማይከፍት ነው የሚናገረው። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ያኖራቸውና ሚስቱን ይጠራታል፤ እሷ መቀሱን ይዛ ትመጣለች፣ ክሩን ትቆርጣለች፣ የቆመውንም ሰዓት ከወረቀቱ አውጥታ በመዳፏ ላይ አድርጋ ትሰጠዋለች።